የኮምቦልቻው የሽቦ የአይጥ ወጥመድ ዋጋውን ያወጣል ወይ? (ከእንጨቱና ከማስቲሹ ጋር ተወዳድሮ)

ቶሎ መልሱን ለምትፈልጉ፣ አዎ ያወጣል። ግን ከበያጁ እጅ እንደወጣ ሳይሆን በፒንሳና በሞረድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ ካደረጋችሁት በኋላ ነው፣ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ፣ ምክንያቱም ደሴ ላይ ስለ አይጥ የጠየቀ ሰው ሁሌ የሚሰጠው መልስ ወይ "ድመት አሳድግ" ነው ወይ "ከገበያ መድኃኒት ግዛ" ነው፣ ሁለቱም ደሞ ለእንደኔ አይነቱ አይሆኑም።

እንደኔ አይነቱ ያልኩት እህል ነጋዴ ስለሆንኩ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ እህል ቤት አለችኝ፣ ጤፍ ማሽላ ስንዴ ምስር ምናምን፣ መኖሪያዬ ደሞ ወደ ጢጣ በኩል ነው፣ ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አሉ። ሱቁን አይጥ ይካፈለኛል፣ ግቢውን ሸለምጥማጥ። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይበላል፣ በዓመት ወደ 10 ኪሎ ማለት ነው፣ የዛሬን የጤፍ ዋጋ አስቡትና አባዙት። የሚበላው ብቻ ቢሆን ደሞ በጀ፣ ጆንያ ቀዶ የሚያፈሰው አለ፣ ሸንቶበት የሚያበላሸው ከበላው በላይ ነው፣ ደንበኛ ምስር ሲያፍስ አንዲት የአይጥ ኩስ ካየ ደሞ በቃ፣ በሚቀጥለውም ሰኞ አይመጣም።

ድመት ትንሿን አይጥ ትይዛለች፣ እሱን አልክድም። ትልቁን፣ ያን ሌሊት ኮርኒስ ላይ ሲሄድ ሰው የሚራመድ የሚመስለውን ግን ብዙ ድመት አትደፍረውም፣ የጠገበች ድመት ደሞ ጭራሽ ዞር ብላም አታየው። በዛ ላይ ጎረቤት መርዝ ከበተነ መጀመሪያ የምትሞተው ድመቷ ናት።

መርዙን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልበል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ የሚገድለው ጋዙ ነው፣ ማርከሻ ደሞ የለውም። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚከቱት ያ ክኒን (አሉሚኒየም ፎስፋይድ) የሚለቀውም ይሄንኑ ጋዝ ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ማለት ነው፣ ስለዚህ ክኒን ያለበት መጋዘን ውስጥ ዘበኛ የምታስተኙ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው፣ ብሮዲፋኩም ምናምን የሚባለው፣ እሱ ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ ነው የሚገድለው፣ ሐኪም ጋ በጊዜ ከተደረሰ ቫይታሚን ኬ ይረዳል፣ ግን አይጡ ሄዶ የሚሞተው ኮርኒስ ውስጥ ወይ ጆንያ ስር ነው፣ ሽታውን የቀመሰ ያውቀዋል። እህል በሚሸጥበት ቤት መርዝ መበተን ደሞ ለኔ ጤነኛ ነገር አይደለም። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እኮ ያልተመዘገበና መግለጫ የሌለው ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይላል፣ እኛ ግን ገበያ መሀል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ምን እንደሆነ እንኳ ሻጩ የማያውቀውን ዱቄት በሻይ ማንኪያ እየተሰፈረልን ነው ወደ ቤት የምንገባው።

እሺ ወደ ወጥመዶቹ።

መጀመሪያ ማስቲሹ፣ ያ አይጥ እንዲጣበቅበት ማጣበቂያ የተቀባው ለሁለት የሚታጠፈው ካርቶን። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ልጁ "ጋሼ ይሄን ረግጦ የሚሄድ የለም፣ ዝሆንም አያመልጠው" ብሎ ነው የሸጠልኝ። ውድ አይደለም፣ ለዛ ነው ሰው የሚገዛው። ችግሩ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ሌሊቱ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቁታላችሁ፣ ማስቲሹ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ጠዋት በጣቴ ስነካው መጣበቁ ራሱ ጠፍቷል። በዛ ላይ እህል ቤት አቧራ አለ፣ የጤፍ ብናኝ ላዩ ላይ ካረፈ አለቀ፣ ካርቶን ብቻ ነው የሚቀረው። ትልቁ አይጥ የፊት እግሩን አሳርፎ ወደኋላ ጎትቶ ሄዷል፣ ጥቂት ፀጉር ትቶልኝ። የሚስቴ ወንድም ኮምቦልቻ መጋዘን አለው፣ እሱ ጋ ደሞ ተቃራኒው ነው የሆነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ ሙቀቱ አለ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ቀን ላይ ማስቲሹ ቀለጠና ከካርቶኑ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ፣ እስካሁን እዛ ቦታ ጫማ ይይዛል። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ አንዱ ዕቃ በብርድም በሙቀትም ሲበላሽ አይተናል ማለት ነው። ሱቁ ሄጄ ስናገር "ጋሼ አጠቃቀሙ ነው" ተባልኩ። እሺ።

የያዘውስ ቢሆን? ማስቲሹ የሚይዘውን አይመርጥም። ቤት ያስቀመጥኩት እንሽላሊት ያዘ፣ ጫጩት ያዘ (የምግብ ዘይት ቀብተን ነው ቀስ ብለን ያላቀቅናት፣ ውሃ እንዳትሞክሩ አይሰራም)፣ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ አይጥ ያዘና ሌሊቱን ሙሉ ጮኸች። ልጆቹ ሰምተው አልተኙም። ማስቲሽ አይገድልም፣ እዛው አጣብቆ በረሀብና በድካም እስኪያልቅለት ነው የሚያቆየው። ኒው ዚላንድ ከ2015 ጀምሮ ተራ ሰው እንዳይጠቀምበት ከልክላለች፣ ዌልስ በ2023 ከለከለች፣ እንግሊዝ ደሞ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ልዩ ፈቃድ ካለው ባለሙያ በስተቀር አይጥ በማስቲሽ መያዝ ወንጀል ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። እኛ ጋ ከልካይ የለም፣ ግን ለደሴ አየር ራሱ የማይሆን ዕቃ ስለሆነ ለጭካኔው ብላችሁ ባትተዉት ለብራችሁ ብላችሁ ተዉት። ከአምስት አንድ ኮከብ፣ እሱንም ለእንሽላሊቷ ካሳ ነው።

ሁለተኛው የእንጨቱ፣ ስፕሪንግ ያለው፣ ጧ የሚለው። ይሄን የሚንቀው ሰው ብዙ ነው ግን ዲዛይኑ የዋዛ አይደለም፣ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ሁከር የሚባል ሰው በ1894 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው፣ ከዛ ወዲህ ብዙም አልተቀየረም፦ ጣውላ፣ ስፕሪንግ፣ መምቻ ሽቦ፣ ምግብ የሚቀመጥባት ትንሽ ቆርቆሮ። ጥሩ ሆኖ ሲሰራ ባንዴ ነው የሚገድለው፣ ስቃይ የለም። ገበያ ላይ ያለው ግን ሁለት አይነት ነው፣ የመዳፍ ግማሽ የምታክለዋ ለትንሿ አይጥ ናት፣ ትልቁ ደሞ ለትልቁ፣ ሻጮቹ ይሄን አይነግሯችሁም። በትንሿ ትልቅ አይጥ ከያዛችሁ ወጥመዱን ይዞት ነው የሚሄደው፣ እግሩን ወይ ጭራውን ስትመታው ማለት ነው፣ ከዛ ሁለተኛ ወደዛ ቦታ አይደርስም። ጣውላው ደሞ ለስላሳ ስለሆነ ስፕሪንጉን የያዙት ሚስማሮች እየተነቀሉ ይወጣሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መምቻውን ወደኋላ ጎትታችሁ ሚስማሮቹ ከተንቀሳቀሱ መልሱለት። ጣት ይሰብራል ባይባልም አይምርም፣ ልጆች ያሉበት ቤት ከካርቶን ወይ ከጣውላ ሳጥን ውስጥ፣ አይጥ ብቻ የምትገባበት ቀዳዳ አውጥታችሁ አስቀምጡት።

አቀማመጡ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። አይጥ መሀል ወለል ላይ አይንሸራሸርም፣ ግድግዳ ታኮ ነው የሚሄደው፣ ጢሙ ግድግዳውን እየነካ፣ ለዛ ነው ሁሌ የሚሄድበት ቦታ ላይ ጥቁር የቅባት መስመር የምታዩት። ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሳይሆን ምግቡ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ አግድም አድርጉት፣ ከየትም ይምጣ ምግቡን ነው የሚያገኘው። ትንሿ አይጥ ከጎጆዋ ጥቂት ሜትር በላይ አትርቅም፣ ስለዚህ አንድ ወጥመድ በር ጋ አስቀምጦ ከኋላ ጆንያ ውስጥ ያለችውን መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ ብዙ ወጥመድ ተቀራርቦ ነው የሚሰራው። ትልቁ ግን 30 ሜትርና ከዛም በላይ ይሄዳል፣ ጎረቤት ሱቅ እየኖረ እናንተ ጋ እራት ይበላል።

ሌላው ጠባይ ነው። ትንሿ አዲስ ነገር ካየች ሄዳ ታሸታለች፣ የዛኑ ሌሊት ልትያዝ ትችላለች። ትልቁ ተጠራጣሪ ነው፣ ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ ካየ ይዞረዋል፣ ለቀናት አይነካውም። ስለዚህ ወጥመዱን ሳታጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጋችሁ ተዉለት፣ ይልመድ፣ በልቶ ይሂድ፣ መብላቱን ካያችሁ በኋላ ነው የምታጠምዱት። ሰው ይሄን ትዕግስት ስለሌለው ነው "ወጥመዱ አይሰራም" የሚለው።

ምግቡም እንደዛው። እህል ቤት ውስጥ እህል አስቀምጦ አይጥ መጠበቅ ምን የሚሉት ነው? ዙሪያው ኩንታል ጤፍ ነው። የሚፈልገው እዛ የሌለውን ነው፣ ቅባት፣ ስጋ፣ ውሃ። የተወቀጠ ለውዝ በትንሽ ቅቤ ለውሳችሁ የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ፣ ብዙ ካደረጋችሁ ከዳር ከዳር በልቶ ይሄዳል። ቋንጣ ከሆነ በክር እሰሩት፣ መጎተት አለበት። ደረቅ መጋዘን ውስጥ ደሞ የቲማቲም ቁራጭ ሞክሩ፣ ትልቁ አይጥ ውሃ ሳያገኝ መኖር ስለማይችል ከስጋው በላይ ለሱ ይመጣል። እንጨቱ ሦስት ተኩል ኮከብ፣ ሚስማሩ ጠንካራ ቢሆን አራት እሰጠው ነበር።

አሁን ዋናው። የሽቦውን ሳጥን ኮምቦልቻ አንድ ብየዳ ቤት ነው ያሰራሁት፣ ደሴም ተሰርቶ የሚሸጥ አለ ግን የኮምቦልቻው ሽቦው ወፈር ያለ ነው። ዋጋው ከእንጨቱ በብዙ እጥፍ ነው፣ መጀመሪያ ስሰማ ደንግጫለሁ፣ ተከራክሬ ትንሽ አስቀንሼ ነው የወሰድኩት፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እግሬ መሀል ይዤው ስወጣ ሰው ሁሉ "ወፍ ልታረባ ነው?" እያለ ስቆብኛል።

አሰራሩ ቀላል ነው። ከቀጭን ብረት ዘንግ ፍሬም አለ፣ ዙሪያው ሽቦ መረብ። በሩ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ስፕሪንግ ወደ ታች ይጎትተዋል። ከጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ፣ አንዱ ጫፉ በሩን ክፍት አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ወደ ውስጥ የተንጠለጠለ መንጠቆ ከንፈር ላይ ያርፋል። ምግቡ መንጠቆው ላይ ነው። አይጡ ገብቶ መንጠቆውን ሲጎትት ዘንጉ ከከንፈሩ ይለቃል፣ በሩ ዱብ። በቃ ይሄው ነው፣ ባትሪ የለ ምን የለ፣ ከዓመት ዓመት ይሰራል።

ጉድለት አንድ፣ ያ የመንጠቆው ከንፈር። የብየዳ ኮተት ተጋግሮበት ሻካራ ነው፣ ጥልቀቱም በዛ፣ ስለዚህ ዘንጉ በቀላሉ አይለቅም። የኔዎቹ አይጦች ቋንጣውን ግማሹን በልተው በሩ ክፍት እንደሆነ ወጥተዋል። በሞረድ ከንፈሩን አለስልሼ አሳጠርኩት፣ ሩብ ሴንቲ እንኳ አይሆንም የሞረድኩት፣ አሁን መንጠቆውን በትንሿ ጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ነው የሚለቀው። እናንተም ስትገዙ እዛው ብየዳ ቤቱ ውስጥ አጥምዳችሁ በጣታችሁ ሞክሩት፣ በኃይል ካልሳባችሁት የማይለቅ ከሆነ እዛው ይሞርዱላችሁ።

ጉድለት ሁለት፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ መቆለፊያ የለውም። ስፕሪንጉ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ጉልበት ያለው አይጥ አፍንጫውን ከስር ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይወጣል። በፒንሳ ከትርፍ ሽቦ አንድ ቀለበት ነገር አጥፌ በሩ ላይ አንጠለጠልኩበት፣ በሩ ሲወርድ አብሮ ይወርድና የታችኛው ዘንግ ላይ ይወድቃል፣ ከውስጥ ቢገፋ አይከፈትም። እርግጠኛ ለመሆን በሩን ዘግታችሁ በእስክሪብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉት። ሁለቱን ነገር ለበያጁ ስነግረው አልተቆጣም፣ እንዲያውም "አምጣው እስቲ" ብሎ አገላብጦ አየው፣ ለዚህ ተጨማሪ ግማሽ ኮከብ አለው።

የመረቡ ስፋት ደሞ ማወቅ አለባችሁ። የኔው ለትልቁ አይጥ ነው፣ ቀዳዳው ሁለት ሴንቲ ይሆናል፣ ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚያክል ክፍተት የምታልፍ ፍጥረት ስለሆነች በዚህ መረብ ገብታ በልታ በመረቡ ትወጣለች። ለሷ እንጨቱን ተጠቀሙ። ዝገትም አለ፣ የደሴ ክረምት ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ ፀረ-ዝገት ቀለም ልትቀቡት ትችላላችሁ ግን ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አቆዩት፣ የቀለም ሽታ ያለበት ሳጥን ውስጥ ተጠራጣሪው አይጥ አይገባም።

የሽቦው ትልቁ ጥቅም ለኔ ግን ሌላ ነው፣ የያዝከውን ታያለህ። ትልቅ ሳጥን ለዶሮ ቤቱ አሰርቼ ነበር፣ ጠዋት ስንነሳ ሸለምጥማጥ ገብቶ አገኘነው፣ ያ ነጠብጣብ ያለው፣ ጭራው ቀለበት ቀለበት የሆነው፣ ውብ ነገር እኮ ነው በቅርብ ሲታይ፣ ዓይኑ ትልቅ ጆሮው ቀጥ ያለ። ጎረቤታችን ሐጂ ዱላ ይዘው መጡ። "ልቀቀኝ ልምታው" አሉ። "ሐጂ የዱር እንስሳ ነው፣ ሕግ አለው" አልኳቸው። "ሕጉ ዶሮዬን ይመልስልኛል?" አሉኝ። ለዚህ መልስ የለኝም፣ እውነታቸውን ነው። ግን አዋጅ አለ፣ የዱር እንስሳት ልማት ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ያስቀጣል፣ መቀጮም እስርም አለው። ለቤት አይጥ መጥቶ ፈቃድህን አሳየኝ የሚል የለም፣ ለሸለምጥማጥ፣ ለጥርኝ፣ ለአነር፣ ለጭላዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እያስቸገረ ከሆነ የወረዳ ግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ነው ወጉ። እኔ ሳጥኑን በጆንያ ሸፈንኩት፣ ጨለማ ሲሆን ይረጋጋሉ፣ ከዛ ወደ ባህር ዛፉ በኩል በሩን አዙሬ ከኋላ ቆሜ በረጅም ዘንግ ከፈትኩለት። እጃችሁን እንዳታስገቡ አደራ። ለሐጂ ደሞ የዶሮ ቤታቸውን ክፍተት አብረን በመረብ ዘጋን፣ ሸለምጥማጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ከመጨለሙ በፊት መዝጋት ብቻ ግማሹን ችግር ይፈታል። ማስቲሽ ወይ መርዝ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ምርጫ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። አሜሪካና ካናዳ ሰዎች ቢቨር፣ ሚንክ፣ ራኩን የሚባሉትን እንስሳት ለፀጉራማ ቆዳቸው ያጠምዳሉ፣ የሚገርመው ግን ማጥመዱ አይደለም ደንቡ ነው። ፈቃድ ያወጣሉ፣ ወቅት አለው፣ ክረምት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ፀጉሩ በብርድ ነው የሚደልበው፣ በብዙ ግዛት ወጥመዱ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ምልክት መኖር አለበት፣ ብዙ ቦታ ደሞ በየቀኑ ሄደህ ማየት ግዴታ ነው። እኛ ጋ ለፀጉሩ የሚጠመድ ብዙም የለም፣ ቀረብ የሚለው ዝባድ ነው፣ ጅማና ምዕራቡ በኩል ጥርኝ በህይወት ይዘው በጠባብ ጎጆ አስቀምጠው ከወንዱ ዝባድ የሚያወጡት፣ ለሽቶ የሚሄደው። የድሮው የጉሬዛ ቆዳ ንግድም ነበር። ከፈረንጆቹ ደንብ ግን ሁለቱን ለራሴ ወስጃለሁ፣ ወጥመዱን ጠዋት ጠዋት ሳላይ ሱቅ አልከፍትም፣ ስሜንም ጽፌበታለሁ፣ ምክንያቱም መጋዘኑን ከሌሎች ጋር ነው የምንጋራው፣ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተረሳ ወጥመድ ውስጥ የገባ አይጥ በጥም ይሞታል፣ ከዛ ሽታው የሁላችንም ነው።

አንድ ነገር ደሞ እንዳትገዙ፣ ጥርስ ያለውን የብረት ወጥመድ። ረግጦት ሲዘጋ እግር የሚይዘውን። ለጃርት ነው የሚሉት፣ ቦሩ ሜዳ ኩታበር ድንች የሚዘሩ ዘመዶች አሉኝ፣ ጃርት በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ ይገባኛል። ግን ያ ብረት ጃርት ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ የእረኛ ልጅ እግርም ውሻም ጥጃም ነው የሚይዘው። እንግሊዝ በ1958 አግዳዋለች፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ1995 ጀምሮ። የሽቦ ማነቆውም ከሱ ብዙ አይሻልም። ለጃርት አጥሩን ከስር ቆፍሮ መረብ መቅበር ይሻላል፣ እሱ ከስር ነው የሚገባው።

ስለ ጉጉትም ካነሳን አይቀር፣ ገድ የላትም ብለን በድንጋይ የምናባርራት ወፍ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስትለቅም ነው የምታድረው። እዚሁ ወሎ ቦረና ሳይንት ፓርክ ያለው ቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ የሜዳ አይጥ ነው። መርዝ የበላ አይጥ የበላ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የተያዘውን አይጥ ምን ላድርገው ለሚለው፣ እዛው ሰፈር መልቀቅ ትርጉም የለውም፣ ተመልሶ ይመጣል ወይ ጎረቤት ይገባል። ውሃ ውስጥ መንከር ደሞ ፈጣን ይመስላል እንጂ አይደለም። እኔ ጋ የሚሰራ ልጅ አለ ወፍራም ጆንያ ውስጥ አስገብቶ ባንዴ ይጨርሰዋል፣ ለመናገር ደስ ባይልም እሱ ነው የሚሻለው። ጓንት አድርጉ። ኩሱንና ሽንቱን በደረቁ አትጥረጉት፣ አቧራው ይነሳል፣ በረኪና በውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ሸለምጥማጥም ይሁን ውሻ፣ ማንኛውም እንዲህ ያለ እንስሳ ከነከሳችሁ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነገ አይባልም።

ቀዳዳ ካልተዘጋ ደሞ ወጥመድ ብቻውን ጥም አይቆርጥም። የጭቃ ቤት ከሆነ ስሩን በሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ውስጥ የተሰባበረ ጠርሙስ ጨምሩበት፣ የቧንቧና የመብራት መስመር የሚገባበትን በሽቦ መወልወያ (ድስት የምንፈትግበት) ጠቅጥቃችሁ ከላይ ለስኑት። ጆንያዎቹን በፓሌት ከመሬት አንሱ፣ ከግድግዳውም የእግር መሄጃ ያህል አርቁ፣ አለበለዚያ ወጥመዱን የት ታስቀምጡታላችሁ?

የሽቦው ሳጥን አራት ተኩል። ስታዝዙ እንዲህ በሉ፦ ለትልቅ አይጥ ከሆነ ርዝመቱ 40 ሴንቲ አካባቢ ይሁን፣ ጭራው በሩ ላይ እንዳይቀር፣ ከንፈሩ በሞረድ ይለስልስ፣ የበሩ መቆለፊያ ቀለበት ይኑረው፣ ከላይ እጀታ ይበየድበት፣ እጀታው ስር ደሞ ጥርሱ እጃችሁ ጋ እንዳይደርስ ቆርቆሮ ይለጠፍ። ቆርቆሮውን በነፃ ነው የጨመረልኝ፣ እጀታውን አስከፍሎኛል።